ከእባቡ ጋር የወረወርኩት ዘንግ

ነገሩ የሆነው በሃምሳዎቹ መጀመሪያ፣ መስከረም ሊያልቅ ሲል፣ አሰላ ነው። የመጀመሪያ ልጄ የተወለደችበት ቀን ስለሆነ ልርሳው ብልም አልችልም። ግን ቀኑ ከልቤ ያልወጣው በልጄ ምክንያት ብቻ አይደለም። ዛሬም ሰው ቤት ሄጄ በር ላይ የተደገፈ ዘንግ ካየሁ እጄ ሳላዘው ኪሴ ውስጥ ይገባል። ባለቤቴ ይህን ስታይ ትስቃለች። እኔን ግን አያስቀኝም።

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። የምሠራው አንድ ጣሊያናዊ ባቋቋመው የሞተር ወፍጮ ቤት ነው። ሰውየውን ከተማው ሁሉ «ሙሴ» ይለው ስለነበር እኛም እንደዚያው እንጠራዋለን። ሙሴ ከጦርነቱ በኋላ አገሩ አልተመለሰም። አሰላ ላይ ቤት ሠራ፣ ጽጌረዳ ተከለ፣ ከጓሮው ደግሞ መዋኛ ገንዳ አስቆፈረ። እሱ «ፒሺና» ይለዋል፤ እኛ «የሙሴ ገንዳ» እንላለን። የጭላሎ ብርድ አጥንት በሚሰብርበት አገር በጠዋት ቁምጣ ታጥቆ ውሃ ውስጥ የሚገባ ሰው ለአሰላ ትልቅ ወሬ ነበር። አንዳንዱ ስለት ቢኖርበት ነው ይል ነበር።

በዚያ ዓመት ክረምቱ ሲገባ ሙሴ ታመመና ለሕክምና አገሩ ሄደ። ቤቱን እንድጠብቅ ለእኔ ሰጠኝ። እኔም ከነፍሰ ጡር ባለቤቴ ከአስካለ ጋር ጓሮ ካለችው የሠራተኛ ክፍል ገባን። ከበራችን እስከ ገንዳው አሥራ ሁለት እርምጃ ነው። በኋላ ደጋግሜ ስለቆጠርኩት አልሳሳትም።

ሙሴ ሲሄድ አንድ ነገር ሦስት ጊዜ አስጠንቅቆኛል። ገንዳውን እንዳታደርቀው፣ ሲሚንቶው ፀሐይ ካገኘው ይሰነጠቃል፣ ከተሰነጠቀ ከቤቱም ከወፍጮውም ትወጣለህ አለኝ። ሊወለድ የደረሰ ልጅ ያለው ሰው እንዲህ ተብሎ ገንዳ አያደርቅም።

ሐምሌ ላይ እንቁራሪቶች ገቡበት። ውሃው አረንጓዴ ሆነ። እንቁራሪት ካለ ደግሞ እባብ የት ይቀራል! አሰላ ደጋ ነው፣ እባብ እንደ ቆላው አይበዛበትም። ነገር ግን ሙሴ ከመሄዱ በፊት ከሲሬ በታች ካለው ቆላ በጭነት መኪና የግራር ግንድ አስመጥቶ ገንዳው ዳር አስከምሮ ነበር። ሁለት ሰው የማያነሳው ግንድ ነው። ሰው ሁሉ እባቡ ከግንዱ ጋር ተጭኖ መጣ አለ፤ እኔም አመንኩ።

የገንዳው ግድግዳ ለስላሳ ስለሆነ የገባ እባብ መውጫ የለውም። ዳር ዳሩን ይዞ ይዞራል፣ ጭንቅላቱን ቀና አድርጎ ይሞክራል፣ ይንሸራተታል፣ እንደገና ይዞራል። እኔም ከላይ ሆኜ አብሬው እዞራለሁ። ሲፈጥረኝ መቀመጥ የማይሆንልኝ ሰው ነኝ። አስካለ እንኳ እናትህ አንተን ስትወልድ እርጋታውን ረስታዋለች ትለኝ ነበር።

አሁን ስለ አባቴ ትንሽ መናገር አለብኝ፤ ያለዚያ የሠራሁት ስህተት አይገባችሁም። አያቴ ከመንዝ መጥቶ እዚሁ አርሲ ውስጥ አርቦዬ የሰፈረ ነው፤ አባቴም እኔም የተወለድነው እዚያው ነው። «እባብ ግደል፣ ከነበትሩ ገደል» የሚለው ለሌላው ሰው ተረት ነው። ለአባቴ ግን ሕግ ነበር። የእባብ ደም የነካው በትር ቤት ከተመለሰ የሞተው እባብ ጓደኛ ሽታውን ተከትሎ ይመጣል ብሎ ያምን ነበር። ስለዚህ እባብ የተገደለበት ዱላ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን ከእባቡ ጋር ገደል ይገባል። እኔም ይህንኑ ይዤ አደግሁ።

የመጀመሪያውን እባብ በመጥረጊያ እንጨት ስቤ አውጥቼ ገደልኩት፤ መጥረጊያውን ከእባቡ ጋር ከቤቱ ጀርባ ካለው ገደል ወረወርኩት። ሁለተኛው ከመኮትኮቻ እጀታ ጋር ሄደ። ሦስተኛው ሙሴ ቅጠል ከሚያወጣበት ረጅም እንጨት ጋር፣ አራተኛው ከወለል መወልወያው ጋር። በሁለት ወር ውስጥ ግቢው ውስጥ ዱላ የሚባል ነገር አለቀ። አስካለ ሙሴ ሲመለስ ቤቱን ያለ ማገር እንዳያገኘው እያለች ታሾፍብኝ ነበር። ሌላ ዱላ ቆርጬ ባስቀምጥ ምን ነበረበት? ነገ ነገ ስል ቀረ።

አምስተኛው ሌላ ነበር። ጥቁር ነው፣ ውፍረቱ ክንዴን ያክላል። ስጠጋው ከቅጠሉ ሥር ይሰምጣል። ማታ አየዋለሁ፣ ጠዋት የለም። ከሰዓት በኋላ ደግሞ አየዋለሁ። በሌለበት ሰዓት የት እንዳለ ማሰብ ካየሁት በላይ ያስፈራኝ ነበር። አስካለ ወሯ ገብቷል። የበራችንን ሥር በጨርቅ ደፈንኩ። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ አንድ ቀን የልብስ ማስጫ ገመድ መሬት ላይ ወድቆ አይቼ በድንጋይ ቀጠቀጥኩት። ወፍጮ ቤት ሆኜ እህል እያስገባሁ ልቤ ገንዳው ዳር ነበር። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ እየሮጥኩ መጥቼ አይቼ እመለስ ነበር።

አስካለን እንዲያዋልዱልን የተነጋገርነው ከአዮ ሹሬ ጋር ነው። አዮ ማለት በአርሲዎች አነጋገር እናት ማለት ነው። ከገደሉ ማዶ የሚኖሩ፣ ወተት የሚያመጡልን ጎረቤታችን ናቸው። እጃቸው ላይ የተወለደው ሕፃን ብዛት አይታወቅም ይባል ነበር። አማርኛቸው ጥቂት ነው፤ የእኔም ኦሮምኛ ለገበያ ከሚበቃው አያልፍም። ከአስካለ ጋር ግን ሁለቱንም ቋንቋ እየቀላቀሉ ሲያወሩ ይውሉ ነበር።

ያን ቀን ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ አድሮ ሊነጋጋ ሲል አስካለን ምጥ ያዛት። ገደሉን ዞሬ ሮጥኩ። አዮ ሹሬ ወዲያው ተነሡ። በአንድ እጃቸው በትንሽ ቅል ቅቤ፣ በሌላው እጃቸው ቀጭን ዘንግ ይዘው መጡ። ከበራችን ሲደርሱ ዘንጉን ቀስ አድርገው መቃኑ ላይ አስደገፉትና ገቡ። እኔን ውጪ ሁን አሉኝ።

እንዲህ ያለ ዘንግ የአርሲ ሴቶች ይዘው ሲሄዱ ከልጅነቴ ጀምሮ አይቻለሁ። ዝናብ ሲጠፋ፣ ሰው ሲጣላ፣ ሴት ስትወልድ ተሰብስበው እየዘመሩ ሲያልፉ ሁሉም ይዘውታል። እኔ ግን የሴት ከዘራ ይመስለኝ ነበር። እዚያው ተወልጄ እዚያው አድጌ አንድ ቀን እንኳ ምንድን ነው ብዬ አልጠየቅሁም።

ውጪ ሆኜ መዞር ጀመርኩ። ከበሩ እስከ ገንዳው አሥራ ሁለት፣ ከገንዳው እስከ በሩ አሥራ ሁለት። አስካለ ስታቃስት እቆማለሁ፣ ዝም ስትል እሄዳለሁ። ፀሐይ ወጣች፤ ሣሩ ይተን ጀመር። ገንዳውን ያስተዋልኩት ያኔ ነው። የሌሊቱ ዝናብ አፉ ድረስ ሞልቶታል። ውሃው ከጠርዙ ጋር እኩል ሆኗል። የገባ እባብ አይወጣም ያልኩት ውሃው ዝቅ ባለ ጊዜ ነው።

ጥቁሩ እባብ ጠርዙን አልፎ ሣሩ ላይ ነበር። ሳይቸኩል ወደ ቤታችን ይሄዳል። ውሃ የምናፈላበት እሳት በግድግዳው በኩል ስለነበር ሙቀቱ ስቦት ይሆናል። በሩ ገርበብ ብሏል። ያን ቀን ሰው ስለሚገባና ስለሚወጣ የደፈንኩበትን ጨርቅ በገዛ እጄ አንስቼዋለሁ።

ልጩህ ብል አስካለ ትደነግጣለች። ዱላ ፈለግሁ። የመጥረጊያው እንጨት ገደል፣ የመኮትኮቻው እጀታ ገደል፣ የመወልወያው ገደል። ግንዶቹን እንኳን እኔ፣ ሁለት ሰው አያነሳቸውም። ዞር ስል መቃኑ ላይ የአዮ ሹሬን ዘንግ አየሁ። ሌላ ምንም አላሰብኩም። አንስቼ እባቡን ከበሩ ሦስት እርምጃ ላይ መታሁት። አራት ጊዜ መታሁት። በአራተኛው ዘንጉ ቀጭ ሲል ሰማሁ፤ እባቡ ግን አልተንቀሳቀሰም። በዘንጉ አንስቼ እየሮጥኩ ሄጄ ሁለቱንም አንድ ላይ ገደል ከተትኳቸው።

እውነቱን ለመናገር በሁለት ወር ውስጥ ልቤ ያረፈው ያኔ ብቻ ነው። እጄን ታጥቤ ግንዱ ላይ ተቀመጥኩ። አባቴ ቢያየኝ ደስ ይለው ነበር ብዬ አሰብኩ።

ዕረፍቱ ግን አልቆየም። ፀሐይዋ አናቴ ላይ ስትደርስ ልጁ አልተወለደም ነበር። የአስካለ ድምፅ እየደከመ መጣ። በዚህ መካከል አዮ ሹሬ ከወገባቸው በላይ ከበሩ ብቅ አሉና ሳያዩ እጃቸውን ወደ መቃኑ ዘረጉ። እጃቸው ግድግዳውን ነካ። ዳበስ ዳበስ አደረጉ። ከዚያ ወጥተው አዩ።

«ሲንቄዬስ?» አሉ።

«እባብ ሊገባባችሁ ሲል ገደልኩበት፣ አዮ። ከእባቡ ጋር ገደል ጣልኩት። አያስቡ፣ የተሻለ ቆርጬ አመጣልዎታለሁ» አልኳቸው። ፈገግም ብያለሁ መሰለኝ።

አልተቆጡም። ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ደጃፉ ላይ ቁጭ አሉና መሬቱን ማየት ጀመሩ። በዝግታ፣ ቃሉን እየመረጡ ተናገሩኝ።

«ሲንቄ አይማታም። ሰው አይማታም፣ ከብት አይማታም። እናቴ ስትድረኝ በእጄ የሰጠችኝ ነው። ሴት ስትጨነቅ ይዘን ፈጣሪን፣ ዋቃን እንለምናለን። ደም አያይም እሱ።»

 ተነሥተው ቢሄዱ አስካለን ማን ያዋልዳታል? የማውቃት ሌላ አዋላጅ ከከተማው ወዲያ ማዶ ናት፤ እስክትመጣ ምን እንደሚሆን እግዜር ይወቅ። 

አዮ ሹሬ ተነሡ። «እሷ ምን አደረገች» አሉ። «እኔ እገባለሁ። አንተ ሂድና አምጣው።»

ገደሉ ቁልቁል ነው፤ ሳማና ቀጋ ሞልቶበታል። በቂጤ እየተንሸራተትኩ ወረድኩ። ፊቴን ሳማው ለበለበኝ፣ እሾሁ ሸሚዜን ቀደደው። መጀመሪያ ያገኘሁት የመጥረጊያዬን እንጨት ነው። ቀጥሎ የሙሴን ረጅም እንጨት። ቀጥሎ መወልወያው፣ ወዲያ ደግሞ የመኮትኮቻው እጀታ። በሁለት ወር የጣልኩት ሁሉ እዚያ ቆሞ ይጠብቀኛል፤ የምፈልገው ብቻ የለም። አንዱን አንስቼ እጥላለሁ፣ ሌላውን አንስቼ እጥላለሁ። ከላይ የአስካለ ጩኸት ይሰማኛል። ከዚያ ጩኸቱ ቆመ። ሲሰማኝ እፈራለሁ፣ ሳይሰማኝ ደግሞ የባሰ እፈራለሁ። ወጥቼ ልያት ወይስ ልፈልግ? ሁለት ጊዜ ሽቅብ ጀምሬ ሁለት ጊዜ ተመለስኩ። ባዶ እጄን እንዴት እገባለሁ?

በመጨረሻ ከምንጩ በላይ የቀጋ ቁጥቋጦ ላይ ተንጠልጥሎ አገኘሁት። እባቡ ከሥሩ ወድቋል። ዘንጉ መሐሉ ላይ ተሰንጥቋል። በእጄ ይዤ መጀመሪያ ያየሁት ያኔ ነው። ከቅቤው ብዛት ያብረቀርቃል። እጅ የሚይዝበት ቦታ ከብዙ ዓመት መያዝ የተነሣ ትንሽ ጎድጉዷል። የእኔ እጅ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ አልገባም፤ የተሠራው ለሌላ እጅ ነው። ምንጩ ውስጥ ከተትኩትና ደሙን አጠብኩ። ስንጥቁ ውስጥ የገባው ግን አልለቀቀም።

ሽቅብ ስወጣ ግማሽ መንገድ ላይ እልልታ ሰማሁ። አንድ ድምፅ ብቻ ነው። የአዮ ሹሬ ነበር። ዘንጋቸውን ገደል የጣለ ሰው ልጅ ስለወለደ እልል ይላሉ። እዚያው እሾሁ መሐል ቆሜ አለቀስኩ።

ሴት ልጅ ነበረች። አስካለም ደህና ነበረች። ዘንጉን በሁለት እጄ ይዤ አጎንብሼ ሰጠኋቸው። እሳቸውም በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። ስንጥቁን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያ ነጠላቸውን አውልቀው ዘንጉን ጠቀለሉበትና ጎናቸው አስቀመጡት። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ትከሻዬን ይዘው አነሡኝና ልጅህን እያት አሉኝ።

በሦስተኛው ቀን የሰፈሩ ሴቶች እያንዳንዳቸው ሲንቄያቸውን ይዘው መጡና ገንዳው ዳር ሣሩ ላይ ተቀመጡ። ለሲንቄው የፈረዱብኝ ካሣ አንድ በግ ነበር። እነሱ ሙስሊም ስለሆኑ በጉን ያረዱት የአዮ ሹሬ ባል ናቸው። ስለዚህ የገዛ በጌን ሥጋ እኔ ሳልቀምሰው ቀረሁ፤ ይህንንም እየሳቁ ነገሩኝ። ከበጉ ሌላ አንዲት ሸምገል ያሉ ሴት ገንዳውን በሲንቄያቸው እያመለከቱ አንድ ነገር ፈረዱብኝ። የሚገባበት እንጂ የሚወጣበት የሌለው ጉድጓድ ይዘህ የገባውን ሁሉ ትገድላለህ፤ መውጫ ሥራለት አሉኝ።

በማግስቱ ከአዮ ሹሬ ባልና ከሁለት ጎረቤቶች ጋር ከግራሩ ግንድ አንዱን አንከባልለን፣ አንዱ ጫፉ ውሃው ውስጥ፣ ሌላው ጫፉ ከገንዳው ጠርዝ ወዲያ ወደ ገደሉ እንዲሆን አጋደምነው። ከዚያ በኋላ ሁለት እባብ በዚያ ግንድ ወጥቶ ወደ ገደሉ ሲሄድ በዓይኔ አይቻለሁ። ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ ቆሜ አሳለፍኳቸው። ይህን ያህል ቀላል ነገር አራት ዱላና አንድ ሲንቄ እስኪያልቅ ድረስ አልታየኝም ነበር። ሙሴም ጥር ላይ ተመልሶ ግንዱን አየ፣ ምክንያቱን ነገርኩት፣ ራሱን ነቀነቀና ከነግንዱ መዋኘት ጀመረ።

አስካለ አንድ ነገር የነገረችኝ ልጃችን ክርስትና ከተነሣች በኋላ ነው። እኔ ገደል ውስጥ ሳለሁ ምጡ ሲጠናባት አዮ ሹሬ ሦስት ጊዜ እጃቸውን ወደ በሩ ዘርግተው ሦስት ጊዜ ባዶውን መልሰውታል። በመጨረሻ ባዶ መዳፋቸውን ሆዷ ላይ አድርገው ነው የጸለዩት።

እኔ ይህን ከሰማሁ በኋላ ዕረፍት አጣሁ። ጫካ ገብቼ ቀጥ ያለውን፣ አንጓ የሌለበትን መርጬ ቆርጬ፣ ልጬ፣ ቅቤ ቀብቼ ወሰድኩላቸው። አዮ ሹሬ አገላብጠው አዩት። ጥሩ እንጨት ነው አሉኝ። ከዚያ ሳቅ አሉ።

«ልጄ፣ እንጨቱን ቆረጥክልኝ። እናቴንስ ከየት ትቆርጥልኛለህ?»

ይቅር ብለውኛል፤ አንድ ጊዜም አይደለም። ሰው የማያውቀውን ያጠፋል ይሉኝ ነበር። ወተቱንም ማምጣት አላቋረጡም። ልጄንም ሲያዩ የእኔ ልጅ ናት ይሉ ነበር።

ልጄ ስድስት ዓመት ሲሆናት ዝናብ ዘግይቶ ነበር። አንድ ጠዋት እጇን ይዤ ወደ ወፍጮ ቤት ስሄድ የአርሲ ሴቶች ለልመና ወደ ወንዝ ሲወርዱ መንገድ ላይ አገኘናቸው። እየዘመሩ ያልፋሉ፤ ሁሉም ሲንቄያቸውን ይዘዋል። ቆመን አሳለፍናቸው። ከመጨረሻው ረድፍ አዮ ሹሬ ይመጣሉ። የያዙት እርጥብ ሣር ብቻ ነው። ሲያዩን ፈገግ አሉና በሣሩ የልጄን ራስ ነክተው መርቀው አለፉ።

«አባዬ፣ የአዮ ሹሬ ዱላ የት ሄደ?» አለችኝ።

እጄ ኪሴ ገባ። ቤት ረስተውት ይሆናል አልኳት።

አዮ ሹሬ አሁን በሕይወት የሉም። ልጄ ሮቤ ከተማ ታስተምራለች፤ ያን ጠዋት ምን እንደጠየቀችኝ ታስታውስ እንደሆን አላውቅም። ያኔ መንገድ ላይ ልነግራት ይገባ የነበረው ይኼ ነው፦ አልረሱትም ልጄ፤ እኔ ነኝ የወረወርኩት።